የመጀመሪያው የትራክ ቀን፦ መኪናዎንና ራስዎን እንዴት ያዘጋጃሉ?

የትራክ ቀን ማለት በዝግ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ላይ፣ ውድድርም ሽልማትም ሳይኖር፣ የመኪናዎንና የራስዎን ልክ የሚማሩበት ቀን ነው። ለዚህ የስፖርት መኪና ግድ አይደለም። በአግባቡ የተያዘ ተራ የቤት መኪና ይበቃል፤ እንዲያውም ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ መኪና ለጀማሪ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ቀኑ ሲዘጋጅ ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ሞተር ጉልበት፣ ወደ ጭስ ማውጫና ወደ ሰፋፊ ቸርኬ ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ነጂው። የተረፈ ገንዘብ ካለ ለአሰልጣኝ ይክፈሉበት። አጠገብዎ ተቀምጦ "ገና ነው፣ ጠብቅ፣ አሁን ፍሬን" የሚልዎት ልምድ ያለው ሰው በአንድ ጠዋት የሚያስተምርዎትን ነገር ምንም ዓይነት መለዋወጫ አይሰጥዎትም።

1. ከመመዝገብዎ በፊት

ለጀማሪዎች የተለየ ምድብ ያለው ዝግጅት ይምረጡ። አብዛኞቹ አዘጋጆች ነጂዎችን በልምድ ከፋፍለው በተራ ያስገባሉ፤ አንዱ ተራ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ሜዳውን ሲመርጡ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ሰፊ ባዶ ቦታ ያለውን ያስቀድሙ። ስህተት የሚሠራው ሰው ሁሉ ነው፤ ልዩነቱ ከስህተቱ በኋላ የሚጠብቅዎት ሣር ነው ወይስ የብረት አጥር የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ስሙ የገነነው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረጥ አይደለም። 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ አጥሩ ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓትም የሚሠራበት የአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። በአጭር ሜዳ ላይ አንድን ኩርባ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግመው ያገኙታል፤ የሚማሩትም በዚህ ነው።

አዘጋጁን አስቀድመው የሚጠይቁት ነገር አለ። የትኛውን የሄልሜት ደረጃ ይቀበላል? የድምፅ ገደብ አለው? መኪናው በማን ይመረመራል? ጣሪያው የሚከፈት መኪና ካለዎት ይፈቀዳል ወይስ የመገልበጫ መከላከያ ብረት ይጠየቃል? የኢንሹራንስ ውልዎንም አውጥተው ያንብቡ። አብዛኛው የተለመደ ውል በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም። በአንዳንድ አገሮች ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ። ከሌለ ግን መኪናው ቢጎዳ ወጪውን ከኪስዎ መሸፈን መቻልዎን አስቀድመው ይወስኑ። ባለዕዳ የሆኑበትን መኪና ይዘው ባይገቡ እመርጣለሁ።

2. ፍሬን

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ አለብን።

የሚንቀሳቀስ መኪና የያዘው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው የሚበልጠው በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው። ፍሬን ሲይዙ ያ ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በከተማ መንገድ አንድ ጊዜ በደንብ ፍሬን ከያዙ በኋላ ዲስኩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራው ጨምቆ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ለመቀዝቀዝ በቂ ጊዜ ያገኛል። በሜዳ ላይ ግን በእያንዳንዱ ዙር ደጋግመው፣ ከከፍተኛ ፍጥነት፣ ፋታ ሳይሰጡ ይይዛሉ። በመንገድ ላይ እንከን የማያሳይ ፍሬን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር የሚከዳው ለዚህ ነው።

ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል፤ ልዩነቱን እግርዎ ሊያውቀው ይገባል። አንደኛው የፍሬን ሸራው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ነው። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፣ አጥብቀው ይረግጡታል፣ መኪናው ግን እንደሚፈልጉት አይቆምም። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስፈራው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ላልቶ፣ ስፖንጅ መስሎ፣ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ይህ ከገጠመዎት ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግመው ይርገጡ፤ ግፊቱ ተመልሶ ሊጠራቀም ይችላል። ማርሽ ይቀንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ሰፊ ወደሆነው ቦታ ይምሩ። ከዚያ በዝግታ ወደ ፒት፣ ማለትም ከሜዳው ጎን መኪኖች ወደሚቆሙበትና ወደሚፈተሹበት ቦታ፣ ይውጡና ያ ዘይት ሳይቀየር አይመለሱ።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሥራ የፍሬን ዘይት መቀየር የሚሆነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በገባው ውሃ ልክም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ጣሳው ላይ በሚጻፈው ዶት (DOT) በሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5.1 እስከ 260 ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከገባባቸው በኋላ የሚጠበቅባቸው ግን በቅደም ተከተል 140፣ 155 እና 180 ብቻ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች የምንረዳው አዲስ ዶት 4 ካረጀ ዶት 5.1 እንደሚበልጥ ነው። ለመጀመሪያ ቀን መኪናዎ የሚቀበለው አዲስ ዶት 4 ወይም 5.1 ይበቃል፤ ለውድድር የተሠሩት ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋሉ። ዶት 5 የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ከ5.1 ጋር በስም ስለሚመሳሰል በግዢ ላይ እንዳይሳሳቱ። የሚገዙትም ያልተከፈተ ጣሳ ይሁን። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል።

መካኒኩ ዘይቱን ሲቀይር ከአራቱም ጎማ አሮጌው አልቆ፣ ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወርድ ድረስ እንዲያወጣ ይጠይቁት። ሲጨርስ ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ይርገጡና ረግጠው ይቆዩ። እየላላ ከወረደ አየር ቀርቷል ወይም የሚያፈስ ነገር አለ።

ከዚያ ሸራው። ጎማውን አውልቀው ይዩት፤ በቸርኬው ክፍተት አጮልቆ ማየት አይበቃም፣ ምክንያቱም የሚታየው የውጪው ሸራ ነው። የውስጠኛው አንዳንዴ ቀድሞ ያልቃል። ከአዲሱ ውፍረት ከግማሽ በታች የቀረ ሸራ ይዘው አይሂዱ። የሳሳ ሸራ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን በቀላሉ ሸራውን ወደሚገፋው ፒስተንና ወደ ዘይቱ ያሳልፈዋል። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ በመለኪያ ያስተያዩት። ከጫፉ የሚጀምር ስንጥቅ ካዩ ዲስኩ ይቀየር። ከላስቲክ የተሠሩትን የፍሬን ቱቦዎች አጠፍ እያደረጉ ስንጥቅ ካለባቸው ይመልከቱ።

አዲስ ሸራ ካስገቡ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ጀምረው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ደጋግመው ጠበቅ ያለ ፍሬን ይያዙ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ለረጅም ርቀት እየነዱ ያቀዝቅዙት። አምራቹ የራሱ መመሪያ ካለው የእሱን ይከተሉ። ይህ የሚሠራው ከቀኑ በፊት ነው።

3. ጎማ

የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ላይ ያነባሉ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩዎታል፤ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀና የደረቀ ጎማ፣ ጥርሱ ትንሽ ካለቀ ግን ትኩስ ከሆነ ጎማ ያነሰ ይይዛል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የታየ ጎማ በምርመራ ላይ ይጣላል፤ መጣልም አለበት።

ለትራክ ተብሎ የተሠራ ልዩ ጎማ ለመጀመሪያ ቀን አይግዙ። የመንገድ ጎማ ልኩ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ስህተትዎን ይነግርዎታል። ልዩው ጎማ ብዙ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ፣ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አምራቹ ባዘዘው ልክ ያድርጉት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በ0.1 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሚጨምር ከአንድ ተራ በኋላ ከግማሽ ባር ያላነሰ ጭማሪ ቢያዩ አይደንግጡ። ከሜዳው እንደወጡ፣ ጎማው ትኩስ እያለ ይለኩ፣ ትርፉን ያስወጡ፣ ቁጥሩን ይጻፉ። ምን ያህል እንደሚያስወጡ ጎማው ራሱ ያሳይዎታል። ከመግባትዎ በፊት ከመሬት ከሚነካው ፊቱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ጎኑ የሚወርድ መስመር በኖራ ጠመኔ ይሥሩ፤ በብዙ ጎማዎች ትከሻ ላይ ቦታውን የምታመለክት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። ሲመለሱ ጠመኔው ከሦስት ማዕዘኑ በታች ድረስ ከጠፋ ጎማው በኩርባ ላይ በጎኑ እየተኛ ነው፤ ንፋስ ያንሰዋል። ጠመኔው ገና ከላይ ሳይነካ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል።

የጎማ ብሎኖች በእጅ ግምት አይጠበቁም። የአምራቹን ልክ ከመኪናው መጽሐፍ ያግኙና የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ ያጥብቁ። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው ስለሚላሉ በእያንዳንዱ ተራ መካከል ቀዝቀዝ ካለ በኋላ መልሰው ይፈትሹ።

4. የቀረው የመኪናው ክፍል

የሞተር ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉት፣ አያሳልፉት። በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ያነሰ ዘይት ያለው ሞተር ለቅጽበት ሊደርቅ ይችላል። የራዲያተሩን ውሃ ይዩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ። ማንኛውንም ፍሳሽ ያስጠግኑ። አንድ መኪና ያንጠባጠበው ዘይት የሌላውን ሰው መኪና አጥር ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

መኪናውን በክሪክ አንሥተው በመደገፊያ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው መጋጠሚያ አልቋል። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የመሪው መጋጠሚያ ነው። ባትሪው እንዳይነቃነቅ የታሰረ መሆኑን ያረጋግጡ።

ነዳጅ ሞልተው ይሂዱ። በሜዳ ላይ ከመንገድ እጥፍና ከዚያ በላይ ይበላል፤ ከሩብ ታንከር በታች ሲሆን ደግሞ በኩርባ ላይ ሞተሩ ነዳጅ ሊያጣ ይችላል።

ከዚያ መኪናውን ባዶ ያድርጉት። ከወንበር ሥር የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ፍሬን ሲይዙ ወደፊት ተንከባሎ ከፔዳሉ ሥር ይገባል። የወለል ምንጣፍ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የስልክ መያዣ፣ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ፣ ሁሉም ይውጣ። የመጎተቻ ቀለበቱን ግን አስቀድመው ቦታው ላይ ይግጠሙት፤ ከአሸዋ ውስጥ የሚያወጡዎት ሰዎች ጊዜ አይኖራቸውም።

5. ሄልሜትና ልብስ

ሄልሜት ሲገዙ ከሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈውን የደረጃ ምልክት ይፈልጉ። በብዙ ሜዳዎች የሚታወቀው ስኔል (Snell) የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ደረጃ ነው፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው ፒት ስኔል የተባለ ተወዳዳሪ ከአንድ ዓመት በፊት በውድድር ላይ በራሱ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሞተ በኋላ ነው። ኤስኤ (SA) የሚለው ለመኪና ውድድር፣ ኤም (M) የሚለው ለሞተር ብስክሌት ነው። የመኪናው የውስጥ ልብሱ እሳት መቋቋሙ ይፈተሻል፣ የሞተር ብስክሌቱ ግን አይፈተሽም። አንዳንድ አዘጋጅ ሁለቱንም ይቀበላል፣ አንዳንዱ የመጀመሪያውን ብቻ። የወደቀ ወይም ታሪኩን የማያውቁት ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ።

ልብሱ ቀላል ነው፤ እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ ጥጥ። ናይሎን ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጫማው ሶሉ የሳሳና ጠባብ ይሁን፤ እግርዎ ፔዳሉን እንዲሰማው፣ ሁለት ፔዳልም በአንዴ እንዳይነካ።

6. ጠዋት ላይ

ቀደም ብለው ይድረሱ። ከመግባትዎ በፊት የሚሰጠውን ገለጻ ልምድ ያለው ሰው እንኳ አይቀርም፤ ደንቡ ከሜዳ ሜዳ ይለያያልና። ባንዲራዎቹን በተለይ ያጥኑ። ቢጫ ማለት ከፊት አደጋ አለ፣ ቀንሱ፣ መቅደም ክልክል ነው። ቀይ ማለት መንዳቱ ቆሟል፤ በድንገት ሳይቆሙ ቀንሰው በገለጻው እንደተነገረዎት ወደ ፒት ይመለሳሉ ወይም ዳር ይይዛሉ። ጥቁር እርስዎን ይፈልጋል፤ ወደ ፒት ይግቡ። ሰማያዊ ከኋላዎ ፈጣን መኪና መጥቷል ይላል። ቢጫና ቀይ ሽንትር ያለው አስፋልቱ እንደሚያንሸራትት ይነግርዎታል። ዳማው ደግሞ ተራው አበቃ ማለት ነው።

አቀማመጥዎን ያስተካክሉ። ጀርባዎ ወንበሩን ሳይለቅ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት፤ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡም ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ይቅር። እጆችዎ በሰዓት መልክ ዘጠኝና ሦስት ላይ ይሁኑ። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አያጥፉት። "ይህን ካላጠፋህ አትማርም" የሚል ሰው ይገጥምዎታል። የመጀመሪያ ቀን ላይ አይስሙት፤ መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር የት ቦታ ከልክ እንዳለፉ እየነገረዎት ነው።

7. የመጀመሪያው ተራ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ለጎማ፣ ለፍሬንና ለዓይንዎ ማሟሟቂያ ናቸው። ባንዲራ የያዙት ሠራተኞች የት እንደቆሙ አንድ በአንድ ይዩ።

ኩርባን እንዲህ ይውሰዱት። ከውጭው ዳር ይጀምራሉ፣ መሪው ቀጥ እያለ ፍሬን ይይዛሉ፣ ከዚያ ያጥፋሉ፣ የኩርባውን ውስጠኛ ጫፍ ይነካሉ፣ ሲወጡ መኪናው ራሱ ወደ ውጭው ዳር እንዲሰፋ ይለቁታል። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚያጥፈው ቶሎ ነው። ትንሽ ዘግይተው ካጠፉ ውስጠኛውን ጫፍ የሚነኩት ከመሃሉ አልፎ ይሆናል፣ መውጫውም ይሰፋልዎታል፤ ቶሎ ካጠፉ መንገዱ መውጫው ላይ ያልቅብዎታል። ፍሬን የሚይዙበትን ቦታ በሚታይ ነገር ምልክት ያድርጉ፤ ብዙ ሜዳ ላይ 200፣ 100 እና 50 ሜትር የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ። በጣም ቀደም ካለው ሰሌዳ ይጀምሩ።

ዓይን ከእጅ ይቀድማል። ፍሬን እየያዙ የሚያጥፉበትን ቦታ ይዩ፣ ሊያጥፉ ሲሉ ውስጠኛውን ጫፍ፣ እሱ ላይ ሲደርሱ መውጫውን። ከፊትዎ ያለውን መኪና ጭራ ብቻ የሚያዩ ከሆነ እሱ ሲሳሳት አብረው ይሳሳታሉ።

ፍጥነቱ የበዛ ሲመስልዎት በኩርባው መሃል እግርዎን ከነዳጅ ላይ በድንገት አያንሡ። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ መኪናው ይዞራል። ነዳጁን ቀስ አድርገው ይቀንሱ፣ ዓይንዎን ከመውጫው ላይ አይንቀሉ። ሁለት ጎማዎ ከአስፋልቱ ከወጣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ከዚያ በዝግታ ይመለሱ፤ በድንጋጤ ወደ ውስጥ መጎተት መኪናውን ሜዳውን አቋርጦ ወደ ማዶው አጥር ይልከዋል። መኪናው ዞሮ መያዝ ካልቻሉ ፍሪሲዮንና ፍሬን ሁለቱንም እስከ ወለሉ ይርገጡ፣ እስኪቆምም አይልቀቁ። ከኋላ የሚመጡት ነጂዎች ወዴት እንደሚሄዱ መገመት የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ነው።

መቅደም በጀማሪ ምድብ የሚፈቀደው በቀጥታው መንገድ ላይ፣ የሚቀደመው ሰው በየትኛው ጎን እንደሚታለፍ በእጁ ሲያመለክት ብቻ ነው። ከኋላ ሰው ከደረሰብዎት ያመልክቱለት፣ መስመርዎን ሳይቀይሩ ነዳጁን ትንሽ ያንሡለት። በመስተዋት እየተከታተሉት ኩርባ መግባት ለሁለታችሁም ክፉ ነው።

8. በተራዎች መካከል

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን በተቻለ መጠን ሳይነኩ በዝግታ ይንዱ። ፒት ሲገቡ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፣ ፔዳሉንም ረግጠው አይቁሙ፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ ይለጠፍና በኋላ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ያድርጉ። ከዚያ ንፋስ፣ ዘይት፣ ብሎን፣ የሸራ ውፍረት።

እርስዎም ውሃ ይጠጡ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ዓይኑ አርቆ ማየቱ ነው፤ ፍሬን የሚይዙበት ቦታ ሳያስቡት ማምለጥ ከጀመረ ደክመዋል ማለት ነው። የቀኑን የመጨረሻ ተራ መተው ይችላሉ፤ ገንዘቡ ተከፍሏል ብለው አይግቡ።

9. ወደ ቤት ከመነሣትዎ በፊት

ጎማው ሲቀዘቅዝ ያስወጡት ንፋስ ይጎድለዋል፤ መንፊያ ይዘው ይምጡና ወደ መንገድ ልኩ ይመልሱት። ብሎኖቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያጥብቁ። ስኮርታውን፣ ክሪኩንና ምንጣፉን ይመልሱ፣ የመጎተቻውን ቀለበት ይፍቱ። ከመውጣትዎ በፊት በቆመበት ፍሬኑን ይርገጡ፤ ከጠዋቱ የላላ ከሆነ ዘይቱ ፈልቷል። በዚያ ፔዳል ረጅም መንገድ አይጀምሩ፤ እዚያው አየሩን ያስወጡ ወይም መኪናውን አስጭነው ይውሰዱ። መንገድ ላይ ሲወጡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች የፍጥነት መለኪያውን እያዩ ይንዱ፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያን ዕለት የቆመ መኪና ይመስላል።